ለትንሽ የመስተዋት ገንዳ የሚስማማውን ዓሣ ስለ መምረጥ

በቡና አገራችን፣ በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ፣ ባለ ሱቅ የሚያውቀው ሸቀጥ አብዛኛው ሕይወት የሌለው ነው። ጨርቅ ቢሰነብት ይደበዝዛል፤ ሳሙና ቢሰነብት ይደርቃል፤ ጨው ቢረጥብ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለዓይን ደስታ የሚቀመጠው ትንሽ ዓሣ ግን የሚስማማውን ውሃ ካላገኘ ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል፤ በሞተም ጊዜ የሸጠውን ነጋዴ ስም ይዞ ይሞታል። ስለዚህ ይህን ሸቀጥ ለማስመጣትም ሆነ ለመሸጥ ለሚያስቡ ወንድሞቻችን፣ እንዲሁም ገንዳውን በቤታቸው ወይም በሆቴላቸው ለማኖር ለሚፈልጉ ደንበኞች፣ ስለ ዓሣው አመራረጥ ጥቂት መግለጽ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጌታዬ ለገና በዓል ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ለትንሿ ልጃቸው ሁለት ወርቃማ ዓሦች በክብ የመስተዋት ዕቃ አድርገው አመጡላት። ዕቃው አምስት ሊትር ያህል የሚይዝ ሲሆን ከመዝገብ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠ። ወደ ሱቁ የሚገባው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያቸው ስለ ነበረ ጌታዬ ነገሩን ለንግድ አሰቡትና 30 ወርቃማ ዓሦችና 12 ክብ ዕቃዎች እንዲመጡ አዘዙ። ማዘዣውን በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዕቃው በመጣ በአራት ቀን ውስጥ ተሸጦ አለቀ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ገዢዎቹ ባዶ መስተዋት ይዘው መመለስ ጀመሩ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ዕቃውን በነጠላቸው ሸፍነው መጥተው በጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ አላልሁም፤ በሚሞት ነገር ግን አትነግዱ» አሉኝ። የጌታዬም ልጅ የራሷ ሁለት ዓሦች በሞቱ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ የገደላቸው ውሃው ነው ወይስ እኛ ነን?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያን ጊዜ የምመልስላት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ከመምህራን እየጠየቅሁ፣ መጻሕፍትንም እየተመለከትሁ፣ በራሴም ቤት አንድ ገንዳ አኑሬ እየተከታተልሁ የደረስሁበት መልስ ይህ ነው። ስሕተታችን ዓሣውን አስቀድመን መርጠን ውሃውን በኋላ መፈለጋችን ነበር። መደረግ የሚገባው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ አስቀድሞ በቤት ያለው ውሃ ስንት ሊትር እንደ ሆነ፣ ሙቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ ተቀዳ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ ለዚያ ውሃ የሚስማማው ዓሣ ይፈለጋል።

ወርቃማው ዓሣ ስለ ምን እንደማይስማማ በመጀመሪያ እንመልከት፤ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነውና። ይህ ዓሣ በቻይና አገር ከሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ በኩሬ እየተመረጠ የተራባ የካርፕ ዘመድ ነው። በሱቅ ሲሸጥ የጣት ያህል ቢሆንም በደኅና ከተያዘ 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል፤ ዕድሜውም ከ10 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። በአምስት ሊትር ውሃ ውስጥ መኖሩ በሬን በዶሮ ቤት እንደ ማሰር ነው። ብዙ ይበላል፤ ብዙም ያቈሽሻል። ከኩሱና ከትንፋሹ የሚወጣው አሞኒያ የተባለው መርዝ በጥቂት ውሃ ውስጥ በፍጥነት ይከማችና መተንፈሻ ስንጥቁን ያቃጥለዋል። ደንበኛው «ውሃው ጥሩ ነበር፣ ጥርት ያለ ነበር» ይላል፤ አሞኒያ ግን ቀለም የለውም። ክቡ ዕቃ ደግሞ እስከ አፉ ሲሞላ ከአየር ጋር የሚገናኘው የውሃው ፊት እየጠበበ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዓሣው በአንድ በኩል ይመረዛል፣ በሌላ በኩል ይታፈናል።

ክቡን ዕቃ ትተን ባለ አራት ማዕዘኑን ገንዳ እንያዝ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል፤ ከሥሩ ጠጠር ሲነጠፍና ከላይ ጥቂት ሲጎድል የሚቀረው የውሃ መጠን 45 ሊትር ያህል ነው። ለጀማሪ ከዚህ ያነሰ ባይሸጥለት እመርጣለሁ። አንዳንድ ሰው «ትንሽ ገንዳ ለመያዝ ይቀላል» ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው፤ ጥቂት ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይበከላል። ገንዳው ከነውሃውና ከነጠጠሩ ከ60 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን ለገዢው አስቀድሞ መንገር ይገባል። ለሻይ ብርጭቆ የተሠራ መደርደሪያ አይችለውም።

ምን ያህል ዓሣ ይግባበት ለሚለው በየመጻሕፍቱ ልዩ ልዩ መለኪያ ተሰጥቷል። እኔ ለአካባቢያችን የማምንበት፣ ለቀጫጭንና ለትንንሽ ዓሦች ብቻ፣ በሙሉ ዕድገቱ ለሚለካ አንድ ሳንቲ ሜትር የዓሣ ርዝመት አንድ ሊትር ተኩል ውሃ መመደብ ነው። በ45 ሊትር ውስጥ እንግዲህ ጠቅላላው ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ስድስት ዓሦች ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለትልልቅ ዓሦች መጠቀም ግን ፈጽሞ አይገባም። ርዝመቱ በአምስት እጥፍ የሚበልጥ ዓሣ ክብደቱ በአምስት እጥፍ ብቻ አይበልጥም፤ ወርዱም ውፍረቱም አብሮ ስለሚያድግ ከመቶ እጥፍ በላይ ይሆናል። 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወርቃማ ዓሣ ባለ አራት ሳንቲ ሜትሩን ዓሣ 125 ጊዜ ያህል ይመዝናል፤ ምግቡና ቈሻሻውም እጅግ ይበዛል።

መለኪያውን ጠበቅ ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ። ሚዛን ተፈሪ፣ ዛሬ ሚዛን አማን ተብላ የምትጠራው ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 84 እጅ ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 75 እጅ ይወርዳል። በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን በግፊቱ ልክ ስለሚቀንስ፣ በባሕር ዳርቻ አገር ለ10 ዓሦች የበቃ ገንዳ በእኛ ዘንድ ለስምንት፣ በአዲስ አበባም ለሰባት ቢበቃ ነው። በዚህ ላይ መብራት በጠፋ ጊዜ የአየር ፓምፑ ይቆማል። በፓምፕ ብርታት ብቻ የሚኖር የበዛ ዓሣ መብራት በጠፋበት ሌሊት ሊያልቅ ይችላል፤ ያለ ፓምፕም መኖር የሚችል ጥቂት ዓሣ ግን እስኪነጋ ይቆያል። አስመጪው ፓምፕ ከመሸጡ በፊት ይህን ለደንበኛው ቢያስረዳ፣ ፓምፑንም ዓሣውንም ሽጦ ወቀሳ አይቀበልም።

ስለ ሙቀቱ እያንዳንዱ ቤት የየራሱ ጠባይ አለው። በውሃ ውስጥ የሚገባ ቴርሞሜትር ተገዝቶ ዓሣ ሳይገባ ለአንድ ሳምንት ንጋት ላይና ከቀትር በኋላ ቢነበብ፣ ደንበኛው ለምን ዓይነት ዓሣ እንደሚስማማ በራሱ ያውቀዋል። በእኛ ሱቅ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በክረምት ንጋት 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በበጋ ከቀትር በኋላ 26 ዲግሪ አንብቤአለሁ። ቴፒና የበበቃ የቡና እርሻ የሚገኙበት አገር ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከዚህ ይሞቃል፤ ማሻና አዲስ አበባ ደግሞ ከፍ ስለሚሉ ይቀዘቅዛሉ። ያለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚያዝ ገንዳ እንግዲህ በሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ዓሣ ሊኖረው አይችልም።

የውሃውም ዓይነት እንደዚሁ ይለያያል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅና ሳሙና በቀላሉ የማያረፋ ውሃ ጠንካራ ይባላል፤ ኖራና ሌላ ማዕድን በዝቶበታል ማለት ነው። ሳሙና ወዲያው የሚያረፋለትና ቅርፊት የማያበጀው ለስላሳ ነው። ዝናብ በሚበዛበትና አፈሩ በታጠበበት በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ለስላሳ ውሃ ማግኘት አያስደንቅም፤ የዝናብ ውሃም ሁልጊዜ ለስላሳ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። ዓሣ ሻጭ ማንቆርቆሪያን መመርመር አለበት ቢባል ሊያስቅ ይችላል፤ እኔ ግን ደንበኛ ሲመጣ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ማንቆርቆሪያው ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሊኖርበት ስለሚችል በሰፊ አፍ ባልዲ ተቀድቶ ክዳኑ ተነሥቶ 24 ሰዓት ያህል ይቆይ። ከጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውሃ የሚቀዳ እንደ ሆነ አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ስለሚለቅ አይወሰድ፤ ከአሮጌውም ጣሪያ ቢሆን አቧራውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናብ ይለፍ። የወንዝን ውሃ በሚመለከት ለእኛ ለቡና ሰዎች የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። እሸት ቡና በሚታጠብበት ወራት ከማጠቢያው በታች ያለው ወንዝ ከቡናው ገለፈትና ከሙጫው የተነሣ ስኳርና አሲድ ይበዛበታል፤ ይህንም የሚበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ከእንዲህ ያለው ወንዝ የተቀዳ አንድ ጀሪካን ገንዳውን በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል። ወንዙ ውስጥ ስለሚኖሩት ዓሦች ያለው ነገር ሌላ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ነው፤ እኛም ከጉዳዩ ውጪ አይደለንም።

አሁን ወደ ዓሦቹ እንምጣ። በሚዛን ተፈሪ ያለ ማሞቂያ ለሚያዝ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ገንዳ ከሁሉ አስቀድሜ የማቀርበው የሜዳ አህያ የሚመስል ሰማያዊና ወርቅማ መስመር ያለውን ዜብራ ዳኒዮን ነው። አገሩ ሕንድ፣ ኔፓልና ባንግላዴሽ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1822 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መጽሐፍ የገለጸው ፍራንሲስ ሐሚልተን ነው። ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ስለ ዘር ውርስና ስለ ሽል ዕድገት ለሚደረገው ምርምር ከፍ ያለ አገልግሎት ይሰጣል፤ ለዚህም የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ጠንካራና በቀላሉ የሚራባ መሆኑ ነው። ከአምስት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማዋል፤ ለጥቂት ሰዓት ከዚያ ቢያልፍም ይችላል። ለስላሳውንም መጠነኛ ጠንካራውንም ውሃ ይቀበላል። ነገር ግን የመንጋ ዓሣ ነውና ከስድስት ባነሰ ቁጥር መሸጥ አይገባም፤ ቁጥሩ ያነሰ ዳኒዮ ጓደኞቹን ሲያባርር ይውላል። ፈጣን ዋናተኛ ስለ ሆነ ረጅም ገንዳ ይወዳል። ይዘልላልም፤ ስለዚህ ክዳን ያሻዋል።

ክዳን ካነሣሁ አይቀር የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያዎቹ ዳኒዮዎቼ እንዳይዘሉ ብዬ ገንዳውን በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፈንሁት። ጫፉ ውሃው ውስጥ ገብቶ አደረ፤ በማግሥቱ ስድስቱም ሞተው ተንሳፈው አገኘኋቸው። በአጎበሩ ላይ የተነከረው የትንኝ መድኃኒት ለሰው ጉዳቱ ጥቂት ሲሆን ለዓሣ ግን እጅግ ብርቱ መርዝ ነው። በቤት ውስጥ ፍሊት የሚረጭም ሰው እንደዚሁ ሊያጠፋ ይችላል። ወባ ባለበት አገር አጎበርንና መድኃኒትን ማስቀረት አይቻልም፤ ስለዚህ መድኃኒት በሚረጭበት ቀን ገንዳው ወደ ሌላ ክፍል የሚወሰድ ካልሆነ በደንብ ተሸፍኖ ፓምፑ ይቁም፤ ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ውሃው ያስገባልና። ሽፋኑም መስተዋት ወይም ንጹሕ ፕላስቲክ ይሁን።

ሁለተኛው ጉፒ ነው። ስሙን ያገኘው በትሪኒዳድ ደሴት ይኖር ከነበረው ከሮበርት ጉፒ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1866 ዓ.ም. ዓሣውን ወደ እንግሊዝ አገር የላከ ሰው ነው። ወንዱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ጅራቱ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋና በቀለም ያጌጠ ነው፤ ሴቲቱ አምስት ወይም ስድስት ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፣ ቀለሟም ደብዛዛ ነው። ጉፒ እንቁላል አይጥልም፤ በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ያህል የሚዋኙ ግልገሎች ይወልዳል። ደንበኛ ሁሉ በመጀመሪያ በዚህ ይደሰታል። ነገር ግን አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ልትወልድ ትችላለች፤ ከወንዱ ተለይታም ቢሆን አስቀድማ ባኖረችው ዘር ለወራት መውለዷን ትቀጥላለች። ስለዚህ ለትንሽ ገንዳ ወንዶቹን ብቻ መሸጥ ብልኅነት ነው። 10 ወንድ ጉፒዎች ለ45 ሊትር ይበቃሉ፤ ከዳኒዮ ጋር ይጨመሩ ቢባል ግን ሒሳቡ ያልፋል። ባለ ሱቁ «ጥንድ ጥንድ አድርገን እንሽጥ፣ ገዢው ራሱ ያራባል» ሲል ሰምቻለሁ፤ በሦስተኛው ወር ገዢው 50 ዓሣ በፌስታል ይዞ መጥቶ ግዙኝ ሲለው ምን እንደሚል አላውቅም።

ጉፒ መጠነኛ ጠንካራ ውሃ ይመርጣል። በለስላሳ ውሃችን ያለ ጥንቃቄ ቢገባ ክንፉን አጣጥፎ እየተንቀጠቀጠ ይመነምናል። ይህን ለማረም ከእብነ በረድ ሠራተኞች የሚገኝ ያልተቀባ ንጹሕ የእብነ በረድ ስብርባሪ በአንድ እፍኝ ልክ ከጠጠሩ ጋር ቢደባለቅ፣ ኖራው በዝግታ እየሟሟ ውሃውን ያጠነክራል። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ የሆነው ፕላቲም ጠባዩ ከጉፒ ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ቀዩና ብርቱካንማው ቀለሙ ወርቃማ ዓሣ ለሚፈልግ ልጅ ጥሩ ምትክ ይሆናል።

በቴፒና ከዚያ በታች ባሉት ሞቃት ቦታዎች ደግሞ ቤታ የተባለው የታይላንድ ዓሣ አለ። ይህ ከመተንፈሻ ስንጥቁ ሌላ ከጭንቅላቱ ውስጥ አየር የሚይዝ ክፍል ስላለው ከውሃው ፊት ላይ አየር እየጎረሰ ይተነፍሳል፤ መብራት ቢጠፋ አይጨነቅም። ነገር ግን ከ24 ዲግሪ በታች ይፈዝዛል፣ ይታመማልም፤ ስለዚህ በሚዛን ተፈሪ ያለ ማሞቂያ አልመክረውም። ሁለት ወንዶች በአንድ ገንዳ ቢገቡ እስከ ሞት ይዋጋሉ። በብርጭቆ ውስጥ ሲሸጥ የታየ ሁሉ በብርጭቆ ይኖራል ማለት እንዳልሆነ ለገዢው ይነገረው፤ እርሱም ቢሆን 15 ወይም 20 ሊትር ያስፈልገዋል።

ለደጋው፣ ለማሻም ሆነ ለአዲስ አበባ፣ ከቻይና ባይዩን ተራራ የመጣው ታኒክቲስ የሚባለው ዓሣ ከሁሉ ይሻላል፤ አራት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከ14 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውሃ ይኖራል። በሰማያዊና በቀይ መስመሩ የሚወደደው የአማዞን ኒዮን ቴትራ ለስላሳውን ውሃችንን ቢወድም አዲስ የተዘጋጀ ገንዳ አይችልም፤ ገንዳው ስድስት ወር ያህል ከሰነበተ በኋላ ይታሰብ።

«መስተዋት የሚያጸዳ» እየተባለ የሚሸጠውን ፕሌኮ የተባለውን የደቡብ አሜሪካ ዓሣ አስመጪዎች በጥንቃቄ እንዲያዩት ያሻል። ገና ጣት ሳለ መስተዋቱን እየላሰ ሲያጸዳ ያስደስታል፤ ተራው ዓይነት ግን 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል። ኦስካርም እንደዚሁ ነው፤ በዚያ ላይ ጎረቤቶቹን ይውጣል።

ከውጭ ከማስመጣት የወንዛችንን ዓሣ ለምን አንይዝም የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይቀርባል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ከዚህ አገር የሚነሡት ወንዞች ወደ ባሮና ወደ አኮቦ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ዓባይ የሚወርዱ ናቸው። በጋምቤላ በኩል በባሮ ውስጥ የሚኖሩት ፖሊፕተረስ፣ ሲኖዶንቲስ የተባለው ባለ ጢም ዓሣ፣ አፈ ረጅሞቹ ሞርሚሪድ፣ ራሱን እንደ ኳስ የሚነፋው ፋሃካ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያፈልቀው አምባዛ መሰል ዓሣ፣ በሳንባ የሚተነፍሰው ፕሮቶፕተረስም ሳይቀሩ በአውሮፓና በአሜሪካ ዓሣ ወዳዶች ዘንድ በስም የታወቁ ናቸው። ይህ ሊያኮራን ይገባል። ለትንሽ ገንዳ ግን ከእነዚህ አንዱም አይሆንም። ፋሃካ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ፕሮቶፕተረስ ከሰው ቁመት የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። በገበያ የምናውቃቸው ቆሮሶና አምባዛም የምጣድ እንጂ የመስተዋት ዓሦች አይደሉም፤ ቆሮሶው ጫጩት ሳለ ቢያምርም አድጎ ጠጠሩን ይቈፍራል፣ ሌሎቹን ያሳድዳል፤ አምባዛው አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል።

በፈጣን ጅረቶቻችን በድንጋይ ላይ በከንፈሩ ተጣብቆ የሚታየው ትንሽ ጥቁር ዓሣ በሳይንስ ጋራ ይባላል። ኢትዮጵያ በጋራ ዓይነቶች የታወቀች አገር ናት፤ በኢሉባቦር በሶር ወንዝ ውስጥ ብቻ በአፋቸውና በአካላቸው ቅርጽ የሚለያዩ በርካታ ዓይነቶች አብረው እንደሚኖሩ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የወጣ ጥናት አሳይቷል። በቱርክ አገር የሰው እግር እያጸዳ ገንዘብ የሚያስገኘው ዓሣ የዚሁ ዘመድ ነው። መጠኑ ልከኛ ቢሆንም የለመደው የሚወርድ፣ ቀዝቃዛና አየር የሞላበት ውሃ ነው፤ በተኛ ውሃ ውስጥ ይታፈናል። መብራት ሳይቋረጥ ብርቱ ፓምፕ የሚሠራለት ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ብቻ ይሁን። ለትንሽ ገንዳ የሚመጥን የአገር ዓሣ ካለ በዝዋይ ሐይቅና በአካባቢው የሚገኘው አፕሎኬይሊክቲስ አንቲኖሪ የተባለው፣ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው ዓሣ ነው። ስሙ በሸዋ ለነበረው ለጣሊያናዊው ተጓዥ ለኦራዚዮ አንቲኖሪ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ዓሣው ግን የአገራችን ብቻ ስለ ሆነ ከሐይቁ እየጠለፉ መሸጥ ሳይሆን፣ የሚያውቁ ሰዎች አራብተው ቢያቀርቡት የተሻለ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ከባድ ጉዳይ አለ። ገንዳው የጠበበበት ሰው ዓሣውን ለመግደል አንጀቱ እንቢ ሲለው ወስዶ ወንዝ ውስጥ ይለቀዋል። ምሕረት ያደረገ ይመስለዋል። ከውጭ የመጡት የካርፕና የወርቃማው ዓሣ ቤተሰብ የሆነው የካራሲየስ ዓሦች ዛሬ በዝዋይ ሐይቅ ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ የገባን ዓሣ መልሶ ማውጣት የሚቻል ነገር አይደለም። ጉፒም በልዩ ልዩ አገሮች ለትንኝ ማጥፊያ እየተባለ ተለቅቆ የየአገሩን ትንንሽ ዓሦች ስፍራ ይዟል። በሶር ወንዝ ያሉት ዓሦች ከእኛ ሱቅ በወጣ ዓሣ ቢጠፉ ማን ይተካቸዋል? ስለዚህ ባለ ሱቁ የሸጠውን ዓሣ ደንበኛው ባልፈለገው ጊዜ ያለ ክፍያ መልሶ እንደሚቀበል ቢያስታውቅ መልካም ነው፤ እኛ እንዲህ እናደርጋለን። አስመጪዎችም ሕይወት ያለው ዓሣ ከማዘዛቸው በፊት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አንብበው፣ ስለ ፈቃዱም የሚመለከተውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠይቀው ይነሡ። ሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ስለ አገር ውስጥ ዓሦች ሊጠየቅ የሚገባው ቦታ ነው።

ለባለ ሱቅ ከሁሉ የሚከብደው ምክር ቀጥሎ ያለው ነው። ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን አትሽጡ። በአዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያን ወደ ኒትራይት፣ ኒትራይትንም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ኒትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ገና የሉም፤ በጠጠሩና በፊልትሮው ላይ ለመስፈር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ገንዳው በዚህ ወር ተሽጦ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ በቀን ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየተጣለበት ይቆይ፤ በሚመጣው ወር ሁለት ወይም ሦስት ዓሣ፣ ከሁለት ሳምንትም በኋላ የቀሩት ይግቡ። ገንዘብ ይዞ የቆመን ደንበኛ «በሚመጣው ወር ይመለሱ» ማለት ለነጋዴ አፍ እንደማይመች አውቃለሁ። ጌታዬም መጀመሪያ ተቆጥተውኝ ነበር። ነገር ግን የተመለሰው ደንበኛ ቴርሞሜትርም፣ ምግብም፣ መረብም ገዛ፤ ባዶ መስተዋት ይዞ የመጣ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ቀላል ነው። በየሳምንቱ ከ45ቱ ሊትር 10 ያህሉ ተቀድቶ በቆየ ውሃ ይተካ። ፊልትሮው በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ፤ ስለዚህ ከገንዳው በተቀዳው ውሃ ይታጠብ። ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ብቻ ይሰጥ። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ ውሃውን ያበላሻል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆች ፍርፋሪ እንዳይጥሉ መከልከል የእናት ሥራ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሚዛን ተፈሪ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ የጉዞው አያያዝም ይታሰብበት። ዓሣው ከመነሣቱ አንድ ቀን በፊት ምግብ አይሰጠው፤ በጉዞ ላይ ውሃውን እንዳያቈሽሽ ነው። ከረጢቱ ሲሶው ውሃ፣ ሁለት እጁ ኦክሲጅን ሆኖ ታስሮ በፎም ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ ከአውቶቡሱ ሞተርና ከፀሐይ ይራቅ። ሲደርስ ከረጢቱ ሳይፈታ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ ተከፍቶ የገንዳው ውሃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ዓሣው በመረብ ተነሥቶ ይግባ፣ የከረጢቱ ውሃ ግን ይደፋ።

በማዘዣው ላይ የዓሣው የንግድ ስም ብቻ አይጻፍ፤ አንዱ ስም ለሁለትና ለሦስት ዓይነት ስለሚሰጥ የሳይንሱ ስም አብሮ ይሁን። እኛ አሁን የምንጽፈው «ዳኒዮ ሬሪዮ፣ 24፤ ፖይሲሊያ ሬቲኩላታ፣ ወንድ ብቻ፣ 20» እያልን ነው። ከዚሁ ማዘዣ የመጡ ስድስት ዳኒዮዎች ዛሬ በጌታዬ ልጅ ክፍል ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ገንዳ ውስጥ ናቸው፤ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ ስማቸውን ሁሉ ታውቀዋለች፣ እኔ ግን እስካሁን አንዱን ከሌላው መለየት አልቻልሁም።